«የሰው ወርቅ አያደምቅ»፦ ወርቁስ የማን ነው?

ሦስት ቃል ናት፤ ተውሶ ለሚያጌጥና ተበድሮ ለሚኩራራ የምትወረወር። ፍቺዋን የተጠየቀ ሁሉ «በሌላው ንብረት አትመካ ማለት ነው» ብሎ ያልፋል። ፍቺው ልክ ነው። እኔ ግን ቃላቷን አንድ በአንድ ሳገላብጣቸው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይዘው አገኛቸዋለሁ።

ከጅራቷ ልጀምር። በተራ ንግግር «አያደምቅም» እንላለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ላይ የ«ያስራል» ጫፍ እንደ ተቆረጠ ሁሉ፣ እዚህም «ም» ወድቃ «ወርቅ» እና «አያደምቅ» ቤት መትተዋል። አንዴ የሰማት ሰው የማይረሳት ስለዚህ ነው። ሌላም የጎደለ ነገር አለ፤ ግሱ ተሳቢ የለውም። ማንን እንደማያደምቅ አልተነገረም። «አያደምቅህም» ቢባል ኖሮ ስድብ ይሆን ነበር፤ እንዲህ ክፍት ሆኖ በመቅረቱ ግን ተናጋሪውንም ይነካል።

«ደመቀ» ራሱ ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ቃል ነው። ቀለም ይደምቃል፣ ድግስ ይደምቃል፣ ጨዋታ ይደምቃል። አባባሏ «የሰው ወርቅ አያምርም» አላለችም። የተውሶ ሐብል እንዲያውም ከራስ ሐብል በላይ ሊያምር ይችላል፤ አለዚያ ማን ይዋሰው ነበር? የሚጠፋው ድምቀቱ ነው። ተውሳ ያጌጠችን ሴት እጅ ለጥቂት ደቂቃ ብትመለከቱ ነገሩ ይገባችኋል። እጇ በየመሃሉ ወደ አንገቷ ይሄዳል፤ መቆለፊያው አለመላቀቁን ይዳስሳል። ጎንበስ ስትል ሐብሉን በመዳፏ ትደግፈዋለች። ስትስቅ እንኳ ዓይኗ የሐብሉን ባለቤት ይፈልጋል፤ ያችም ከወዲያ ጥግ ሆና የምታየው ሴትዮዋን ሳይሆን ሐብሉን ነው። አባባሏ የተወለደችው እንዲህ ያለችውን እጅ ካየ ሰው አፍ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ከሁሉ የከበደችው ግን «የሰው» የምትለዋ ናት። በአማርኛ «የሰው ዕቃ» ሲባል የሌላ ሰው ዕቃ ማለት ነው፤ «የሰው አገር» የራስ ያልሆነ አገር ነው። «ሰው» እንዲህ ሲነገር ተናጋሪውን ከሰው ቁጥር ያስወጣዋል። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ሰው ራሱ ሰው መሆኑን ለጊዜው ረስቶታል። «ይሉኝታ» የሚለው ስምም የተሠራው «ይሉኛል» ከሚለው ግስ ነው። ባዮቹ እነማን ናቸው? በቃሉ ውስጥ «እነርሱ» አሉ፤ ስም ግን የላቸውም። በእርግጥ ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤትነቱ አይመኙትም፤ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ከኀዘንተኛው ጋር አብሮ ማዘንን በልብስ መግለጥም ሌላውን ማክበር ነው። እኔ የምለው ማንንም በማይጎዳ ነገር፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ጫማ ቀለም፣ ስለ ቀሚስ ርዝመት የሚመጣውን ይሉኝታ ነው።

እዚህ ላይ አባባሏ ከተለመደው ፍቺ አልፋ ትሄዳለች። ሰው በገዛ ገንዘቡ የገዛውን አድርጎም የሰው ወርቅ ሊያጠልቅ ይችላል። ዕቃው የራሱ ሆኖ የመረጠበት ዓይን የተውሶ ከሆነ፣ ያችው እጅ ወደ አንገት ትመላለሳለች።

አውቀዋለሁ፤ አራት ዓመት አድርጌዋለሁና። በሠላሳዎቹ መጨረሻ ሽበት ሲጀምረኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሳቅ መሃል «ሽማግሌው መጣ!» አለኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ የፀጉር ቀለም ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ በየሦስት ሳምንቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ዓይን የሚያስለቅሰውን ቅባት እለቀለቃለሁ። ጆሮዬ ጫፍ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይቀራል፤ ፎጣው ይበላሻል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ሥሩ እያደገ ሲመጣ የሚታየው ቀጭን ነጭ መስመር ነበር፤ በእርሱ ምክንያት ሰው ፊት ጎንበስ ማለት ትቼ ነበር። የሚያስቀው ነገር፣ ያ ባልደረባዬ ገና በሁለተኛው ዓመት ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል። እኔ ግን ለእርሱ ስል መቀባቴን ቀጠልሁ።

በአራተኛው ዓመት ሰለቸኝና የተቀባውን በሙሉ አስቆርጬ፣ ነጩን ይዤ ሥራ ገባሁ። ለሚሰነዘርብኝ ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ ነገሬ ያለችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ «መነጽር ቀየርክ እንዴ?» አለችኝ። መነጽሩ የቆየው ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ ያች ሴት ትዝ አለችኝ። ተመራማሪዎቹ በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ወደ ተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ሰው ሥዕሉን ያየብን መስሏቸው ነበር፤ በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ሆነ። በአእምሯችን የምንቀልበው ተመልካች በክፍሉ ካለው እጥፍ ነው ማለት ነው።

ያየውስ ቢናገር? «አፍ ዳገት አይፈራም» ይባላል፤ በሰው ፀጉር ላይ አስተያየት መስጠት ምንም አያደክምም። የሚከፋው ያ ስም የሌለው «እነርሱ» የመንግሥት ማኅተም ያገኘ ዕለት ነው። የሩሲያው ቀዳማዊ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1705 ጢማቸውን መላጨት ያልፈለጉትን ግብር ያስከፍል ነበር። ለከፈለ ሰው አፍንጫ፣ ጢምና ሪዝ የተቀረጸበት፣ «ገንዘቡ ተወስዷል» የሚል ጽሑፍ ያለው የመዳብ ምልክት ይሰጠዋል። የገዛ አገጭህን ደረሰኝ በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ። በፓሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1800 የወጣ ድንጋጌ ሴቶች ያለ ፖሊስ ፈቃድ ሱሪ እንዳይለብሱ ከለከለ። ወደ ኋላ ላይ የፈረስ ልጓም ወይም የብስክሌት መሪ የያዘች ሴት እንድትለብስ ተፈቀደ። ድንጋጌው እንደማይሠራ በመንግሥት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ እስከዚያው ሴቶቹ ፈቃድ ሳይጠይቁ ሱሪያቸውን ለብሰው ይሄዱ ነበር።

«ጌጥ ያለ ቤቱ ቁምጥና ነው» የሚል ሌላ አባባል በዚህ ክርክር ላይ ይነሣብኛል። ያለ ቦታው የገባ ጌጥ ያስጠላል ማለት ነው። በበሽታ መሳደቡን አልወደውም፤ ከዚያም በላይ የጌጡን ቤት የሚወስነው ማን እንደሆነ አይናገርም። ደግሞ ቤቱ ይዞራል። ረጅም ተረከዝ ዛሬ የሴት ተደርጎ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1701 ግን የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ከነቀይ ተረከዙ ቆሞ ተሥሏል፤ ለቤተ መንግሥቱ መኳንንትም ቀይ ተረከዝ የክብር ምልክት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የምትለው አባባል ራሷ በአግባቡ ካልተያዘች በሰው ላይ የመፍረጃ መዶሻ ትሆናለች። ፀጉሯን የተቀባችውን ሁሉ፣ ፋሽን የተከተለውን ሁሉ «የሰው ወርቅ» እያሉ መፍረድ የሚወድ አለ። አንድን ነገር ከሌላ ሰው ላይ አይቶ መውደድ ተውሶ አይደለም። ልዩነቱን ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ የለም፤ የምታውቀው እጇ ወደ አንገቷ የሚሄድባት ራሷ ናት።

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ ቤቴ መጥታ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ያልተነካ የቀለም ካርቶን አገኘች። «ወንድሜ፣ አንተ ትተኸው የለ? ለእኔ አውሰኝ» አለች፤ ቀለም እንዴት እንደሚመለስ እርሷ ታውቃለች። አባባሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኋት። ካርቶኑን ሰጠኋትና ጆሮዋን አስቀድማ ቫዝሊን እንድትቀባ ነገርኋት።