የሚቆለፍ ፔዳልና የሳይክል ጫማ፦ በትንሽ ገንዘብ ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። እዚህ ሳይክል ለሚነዳ ሰው የጫማውን ምርጫ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ እግር ፔዳሉ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሥራው ሁሉ የፍሬን ነው። ሲመለሱ ግን እያንዳንዷ ዙር ከጉልበት ትወጣለች። ሶሉ የሳሳ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው መሃል እግሩ ፔዳሉ ላይ ይጎብጥና ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ስለሚቆለፍ ፔዳል ማሰብ የሚጀመረውም ብዙ ጊዜ እዚያ ዳገት ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከጫማው ሶል ሥር ክሊት የሚባል የብረት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ በብሎን ይታሰራል። ፔዳሉ ደግሞ በሞላ የሚሠራ መንጋጋ አለው። ጫን ሲሉት ክሊቱ "ቀጭ" ብሎ ይገባል። ወደ ላይ ቢስቡት አይለቅም። የሚለቀው ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ሲያደርጉ ነው።

የዚህ ፔዳል የእንግሊዝኛ ስም ግራ ያጋባል። "ክሊፕለስ" ሲባል "ክሊፕ የሌለው" ማለት ነው፤ እግሩ ግን ተቆልፏል። ክሊፕ የሚባለው የድሮው የጣት ማቀፊያ ነበር። ከፔዳሉ ፊት ብቅ የሚል የብረት ቀለበት ሲሆን በቆዳ ጠፍር ይጠብቃል። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የሚያዝበትን ዘዴ ወደ ፔዳል አመጣና እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ አቀረበው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ሳይክለኛ በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓኑ ሺማኖ ለተራራ ሳይክል ብሎ ኤስፒዲ የሚባለውን አወጣ። የእኛ ሳይክለኞች እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ሲወዳደሩ ዘመኑ ገና የጠፍር ነበር። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ግን ጠፍር ከውድድር ከወጣ ቆይቷል።

ገበያው ላይ ያሉት ዋና ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ክሊቱ በሦስት ብሎን የሚታሰርበት ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ክሊቱ ትልቅ ፕላስቲክ ነው፣ ከሶሉ ወጣ ብሎ ይታያል። ለአስፋልት ውድድር የተሠራ ነው። ሁለተኛው እንደ ኤስፒዲ ያለው ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ክሊቱ ትንሽ ብረት ሲሆን ሶሉ ውስጥ ጎድጎድ ባለ ቦታ ይቀመጣል። በዚህኛው እንደ ማንኛውም ጫማ ይኬዳል።

ለእኛ አገር የምመርጠው ያለማመንታት ባለ ሁለት ቀዳዳውን ነው። እዚህ ሳይክል የያዘ ሰው ሁልጊዜ አይጋልብም። ዳገቱ ሲከብድ ወርዶ ይገፋል። ፒያሳ ላይ ባጃጅና ሰው ሲጨናነቅ ወርዶ ይሄዳል። ኮብልስቶን ላይ ይቆማል። ባለ ሦስት ቀዳዳ ጫማ አድርጎ ኮብልስቶን ላይ መሄድ ያንሸራትታል፣ ክሊቱንም ቶሎ ይበላዋል። በክረምት ጭቃም ኤስፒዲው ይሻላል፤ አብዛኛው በሁለቱም በኩል ስለሚይዝ እግር ጎኑን አይፈልግም።

ገንዘብ ሲያንስ ጫማው ይቅደም። ርካሽ ፔዳል ትንሽ ይከብድ ይሆናል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ከሺማኖ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸውን ወይም የታይዋኑን ዌልጎ የመሰለ ይበቃል። እግር የማይስማማው ጫማ ግን ሐይቅ ከተማ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ያሰቃያል። የካርቦን ሶል ውድ ነው፤ ጠንከር ያለ ናይለን ይበቃል። በማዞሪያ የሚጠብቀው የሽቦ ማሰሪያም ቅንጦት ነው። ደህና ቬልክሮ ወይም ክር ያለው ይግዙ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ይምጣ። የፍሬን ሸራችሁ ካለቀ፣ ሄልሜትም ከሌላችሁ፣ ብሩን እዚያ ላይ አውሉት። ሐረጎን የሚወርድ ሰው ከፔዳል በፊት ፍሬን ያስፈልገዋል።

ጫማው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከልባሽ ገበያ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው። ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ "ቁጥሬ 42 ነው" ብላችሁ አትተዉት። የሳይክል ጫማ ብዙውን ጊዜ ጠበብ ያለ ነው፣ ቁጥሩም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ማታ፣ እግር አበጥ ባለበት ሰዓት፣ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ቁሙ። ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩና ርዝመቱንም ስፋቱንም በሴንቲ ሜትር ላኩለት።

ልባሽ ስትገዙ ጫማውን ገልብጡት። የብሎን ማሰሪያው ጥርስ ዝጎ ወይም ተበልቶ እንደሆነ እዩ፤ ከተበላ ጫማው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሶሉን በሁለት እጅ ለማጠፍ ሞክሩ። መሃሉ በቀላሉ ከታጠፈ ተዉት። አሮጌ ክሊት ታስሮበት ካገኛችሁ አትመኑት፣ አዲስ ግዙ። ያለቀ ክሊት አንዴ እንቢ ይላል፣ አንዴ ሳይታሰብ ይለቃል። ጫማ ሰፊ የተላቀቀ ጠርዝና ቬልክሮ ይጠግናል፤ የተሰነጠቀ ሶል ግን አይድንም።

ፔዳል ሲቀየር ጥንቃቄ የሚፈልገው የግራው ነው። ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሊፈታ ብሎ ያጠብቀዋል፤ አስገድዶ ሲገፋ ፔዳሉ የሚታሰርበትን የሳይክሉን ክንድ ጥርስ ይበላዋል። የእኔ ሳይክል አንድ ክንድ እንዲህ ነው የተበላሸው፣ ከዚያ ወዲህ ፔዳል ሲታሰር አጠገቡ እቆማለሁ። ማስታወሻው ይህ ነው፦ ሁለቱም ወደ ፊት ጎማ አቅጣጫ ሲዞሩ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ይፈታሉ። ከማሰር በፊት ጥርሱን ግሪስ ቀቡት። አብዛኛው የአዋቂ ሳይክል ፔዳል ጥርስ 9/16 ኢንች ነው፤ አንዳንድ የልጆች ሳይክል ግን 1/2 ኢንች ስለሆነ ቀድሞ ማየት ነው።

ክሊቱ የሚታሰረው ከአውራ ጣት ሥር ያለው የእግር እብጠት በሚያርፍበት ቦታ ነው። አቅጣጫውን ለማወቅ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እግራችሁን አንጠልጥሉ። ጣቶቹ በራሳቸው ወዴት እንደሚያዩ ተመልከቱ፣ ክሊቱም ያንኑ ይከተል። ጉልበት ካመመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው አቅጣጫ ነው። ጫማው ሶሉ ወፈር ካለ ኮርቻውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል።

ለመልመድ የሞላውን ብሎን እስከ ልኩ አላሉትና ግድግዳ ይዛችሁ አግቡ፣ አውጡ። ሃምሳ ጊዜ ደጋግሙት። ቀጥሎ ሣር ያለበት ሜዳ ፈልጉ። መኪና መንገድ ላይ ስትወጡ ከመቆማችሁ በፊት፣ ሳይክሉ ገና እየተንቀሳቀሰ፣ አንዱን እግር አውጡ። መጀመሪያ አካባቢ የሚወድቅ ሰው የሚወድቀው በፍጥነት ሲሄድ ሳይሆን ቆሞ ነው።

ክረምት ላይ ጫማው መርጠቡ አይቀርም። ከሰል አጠገብ አታስቀምጡት፤ ሙቀቱ ማስቲሹን ያስለቅቀዋል። የውስጥ ንጣፉን አውጥታችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ አሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣውን ቀይሩ፤ የክሊቱን ብሎኖችም በዚያው አጥብቁ።