የዱላ ቅብብል ሩጫ ትምህርት በጎንደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

የዱላ ቅብብል አራት ሯጮች ርቀቱን ተከፋፍለው አንድ ዱላ እየተቀባበሉ የሚጨርሱት የአትሌቲክስ ውድድር ነው። በጎንደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አካል ነው። የጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሚገኙባት ከተማ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ባለሙያ አታጣም።

የአገራችን ስም በረጅም ርቀት ስለገነነ ቅብብሉ ይዘነጋል። ሆኖም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ (1949 ዓ.ም.) በ4 በ400 ሜትር ተሰልፋለች፤ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶንን ወርቅ ያመጣው ማሞ ወልዴም ከሯጮቹ አንዱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በዴንማርኳ ከተማ በአርሁስ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሴቶችና ወንዶች ድብልቅ ቅብብል ወርቁ የኢትዮጵያ ሆኗል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከእጅ ነው። ልጆቹ በክንድ ርቀት በአንድ መስመር ቆመው ዱላውን ከኋላ ወደ ፊት ያሳልፋሉ። ቀጥለው በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ በፍጥነት ይለማመዱታል። የመጀመሪያው ሯጭ በቀኝ እጁ ይዞ ይነሳል፣ ሁለተኛው በግራ፣ ሦስተኛው በቀኝ፣ አራተኛው በግራ ይቀበላል፤ ማንም እጅ አይቀይርም። አቀባዩ «እንካ» ወይም «እንኪ» ሲል ብቻ ተቀባዩ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል።

በልጆች ዘንድ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ተቀባዩ ቆሞ መጠበቁ ነው። መፍትሔው ከተቀባዩ ኋላ በኖራ የተሰመረ ምልክት ነው፤ አቀባዩ ምልክቱን ሲረግጥ ተቀባዩ መሮጥ ይጀምራል። ዱላው ካልደረሰለት ምልክቱ ወደ ተቀባዩ ይቀርባል፣ ከተደራረቡ ይርቃል።

ዱላውን ከታች ወደ ላይ ማቀበል ለልጅ እጅ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ቅብብል የሚያዘው ጫፍ እያጠረ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች ማቀበል ይህ ችግር የለበትም፣ የእጅ አንጓን መጠምዘዝ ግን ይጠይቃል። ዞሮ ሳያዩ መቀበልን በተመለከተ ክርክር የለም፤ ዱላውን ሳይጥሉ እያዩ መቀበልን የቻሉ ልጆች ብቻ ይሞክሩታል።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ኮረብታማ ስፍራ ላይ ናት። ተዳፋት በሆነ ግቢ ሩጫው ሽቅብና ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይደረጋል። ለብዙ ተማሪ የሚመቸው ተመላላሽ ቅብብል ነው፤ ግማሹ ቡድን ከወዲህ፣ ግማሹ ከ30 እስከ 40 ሜትር ማዶ ይቆማል።

የውድድር ዱላ ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ዙሪያው ከ12 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱም ከ50 ግራም አያንስም። ለትምህርት ቤት ግን የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቆርጦ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል፤ ለትንንሽ እጆች ቀጠን ያለው ይመረጣል።

ዱላ ሲወድቅ የጣለው ልጅ ራሱ አንስቶ ይቀጥላል። ርቀት እስካላሳጠረና ሌላውን እስካላደናቀፈ ድረስ ዱላው ስለወደቀ ብቻ ቡድኑን ከውድድር የሚያስወጣ ሕግ የለም።