ሚቺጋን ሐይቅ የዋጣቸው አውሮፕላኖች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመቶ በላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ቺካጎ አጠገብ፣ ሚቺጋን ሐይቅ ውስጥ ሰጥመዋል። ጠላት እዚያ አካባቢ ድርሽ አላለም። የወደቁት ሥልጠና ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር ኃይሉ አብራሪዎቹን መርከብ ላይ ማረፍ የሚያለማምድበት ቦታ ቸግሮት ነበር። ውቅያኖሱ ዳር የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ያደባሉ። ጥቂቶቹን አውሮፕላን ተሸካሚዎች ደግሞ ግንባሩ ይፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሁለት የሐይቅ መንገደኛ መርከቦች ተገዙ። የላይኛው ክፍላቸው ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሜዳ ተገጠመላቸው። «ዎልቨሪን» በ1942፣ «ሴብል» በ1943 ሥራ ጀመሩ። ሁለቱም በድንጋይ ከሰል የሚሠሩና ግራና ቀኝ ትልልቅ የመቅዘፊያ ጎማ ያላቸው ነበሩ። አውሮፕላን ተሸካሚ ለመባል ትንሽ ያስቃሉ፤ ግን ሠሩ።

ሠልጣኙ ከግሌንቪው የአየር ጣቢያ ተነስቶ መርከቡን ሐይቁ ላይ ይፈልጋል። ስምንት ጊዜ በሰላም አርፎ ከተነሳ አለፈ። ሜዳው ግን ርዝመቱ ወደ 168 ሜትር ብቻ ነው። የአውሮፕላኑ የጭራ መንጠቆ በሜዳው ላይ የተዘረጋውን ገመድ መያዝ አለበት። ሌላው ጣጣ ነፋስ ነበር። ለማረፍ ከፊት የሚመጣ ጠንካራ ነፋስ ያስፈልጋል፤ መርከቦቹ ደግሞ ቀርፋፋ ናቸው። ነፋስ በሌለበት ቀን ከባዶቹ አውሮፕላኖች ሥራ ይፈታሉ።

አደጋው የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። ጀማሪው ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱን ከልክ በላይ ያሳንስና ውሃው ውስጥ ይገባል። ወይም ሞተሩ አየር ላይ ቀጥ ይላል፤ ለትምህርት ከሚላኩት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ግንባር ላይ ቆይተው የደከሙ ነበሩና። ያም ሆኖ የሞቱት አብራሪዎች ስምንት ናቸው። ከ17 ሺህ በላይ ሠልጣኞች አልፈዋል። ከእነሱ አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ነው።

ሐይቁ ጨው የለውም፤ ቅዝቃዜውም ብረት ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት በርካታ አውሮፕላኖች ከዓመታት በኋላ ወጥተው ታድሰዋል። የእኛ አየር መንገድ በሚያርፍበት የቺካጎው ኦሄር ኤርፖርት የቆመው «ዋይልድካት» ተዋጊ ከዚሁ ሐይቅ የወጣ ነው። አሁን ግን ከውጭ የገቡ ጥቃቅን ዛጎል ለበስ ፍጥረታት የቀሩትን እየወረሯቸው ነው።

እያንዳንዱ አውሮፕላን መለያ ቁጥርና የአገልግሎት መዝገብ ነበረው። ከሁሉ የሚገርመው የ2106 ነው። «ዶንትለስ» የተባለ ቦምብ ጣይ ነው። ሰኔ 1942 ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ በተደረገው የሚድዌይ ጦርነት ከጃፓን መርከቦች ላይ ሲመለስ ከ200 በላይ ቀዳዳ ይዞ ነበር። ተጠግኖ ለሥልጠና ተላከ። በዓመቱ፣ ሰኔ 1943፣ አንድ ሠልጣኝ ሴብል ላይ ሊያርፍበት ሲል ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሠልጣኙ ተረፈ። አውሮፕላኑ በ1994 ሲወጣ የሚድዌይ ጥይት ቀዳዳዎች የተለጠፈባቸው ቁራጭ ብረት ገና ይታይ ነበር። ሚድዌይ ላይ ያበረረው ዳንኤል አይቨርሰን ግን ይህን አላየም። በ1944 ፍሎሪዳ ውስጥ አሠልጣኝ ሆኖ ሲበር ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሞተ።