ፋይል ሲስተም ምንድን ነው?

ዲስኩን ስትሰኩት ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቃችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ደሴ ፒያሳ ላለ ቪዲዮ ቤት ከዚህ የባሰ መርዶ የለም። የጥር ሠርግ፣ የግሸን ንግሥ፣ የመንዙማው ምሽት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ግን አብሽሩ። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ቪዲዮው ሳይሆን ፋይል ሲስተሙ ነው።

ዲስክ በራሱ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር የተሰጣቸው ትንንሽ ክፍሎችን ነው። ሴክተር ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው 512 ወይም 4096 ባይት ይይዛሉ። የትኛው ቪዲዮ የት የት እንዳለ፣ ስሙ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚመዘግበው ፋይል ሲስተም ነው። ኮምቦልቻ ያለ መጋዘን መዝገቡ ቢቃጠል ዕቃው የትም አይሄድም፤ የቱ የማን እንደሆነ ግን ማን ይንገራችሁ?

ዊንዶውስ በአብዛኛው ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን ፋይል ሲስተም ይጠቀማል፣ ሊኑክስ ኤክስት 4ን። ፍላሽ ላይ ፋት 32 አለ። እሱ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ፍላሽ ረጅሙን ቪዲዮ አላስገባም የሚለው ለዚህ ነው።

መብራት ድንገት ሲጠፋ መዝገቡ በግማሽ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ኤንቲኤፍኤስና ኤክስት 4 ሊሠሩ ያሰቡትን ቀድመው የሚጽፉበት ጆርናል ስላላቸው ብዙውን ጊዜ ይተርፋሉ። ፋት 32 ይህ የለውም።

ፈጣን ፎርማት ደግሞ አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታል እንጂ የድሮውን ዳታ ወዲያው አያጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ብረት የሌለው ዲስክ) ላይ ግን አትተማመኑ፤ ብዙዎቹ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሳቸው ይጠርጋሉ።

አሁን ጆሯችሁን ወደ ዲስኩ ጠጋ አድርጉ። ቀጭ ቀጭ ይላል? እንግዲያው የታመመው መዝገቡ ሳይሆን ብረቱ ነው። ንቀሉትና ባለሙያ ይየው። ድምፅ ሳይኖረው እያዘገመ የሚያነብ ከሆነ ግን ተስፋ አለ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መጠገኛ ያስነሳበታል። ቼክ ዲስክ የሚያስተካክለው ዲስኩ ላይ እየጻፈ ነው፤ ሊሞት የደረሰ ዲስክ ደግሞ ይህን አይችልም። መጀመሪያ እኩል ወይም የሚበልጥ አዲስ ዲስክ ግዙ። ዲዲሬስኪው በሚባል የመገልበጫ ፕሮግራም ሴክተር በሴክተር ገልብጡት። በቀላሉ የሚነበበውን ያስቀድማል፣ አስቸጋሪው ጋ በኋላ ይመለሳል። ጥገናው የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው።

ጥገናው የሚሳካበት ምክንያትም አለ። ኤንቲኤፍኤስ የቡት ሴክተሩን (መዝገቡ የት እንዳለ የሚናገረውን የመጀመሪያ ሴክተር) ቅጂ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ኤክስት 4 የመዝገቡን ዋና ገጽ (ሱፐርብሎክ) ግልባጭ በየቦታው ይበትናል። መዝገቡ ጭራሽ ካልተገኘ ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም ፋይሎችን በአጀማመራቸው እየለየ ያወጣል። ስማቸው ግን አይመለስም። የማን ሠርግ እንደሆነ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማየት ነው፤ ተበታትኖ የተቀመጠ ረጅም ቪዲዮም ተቆራርጦ ሊወጣ ይችላል። የወጣውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ እዚያው ላይ ከጻፋችሁት ያልወጣውን ይደመስስባችኋል።