ስታይልና ቴምፕሌት በወርድና በኢሜይል

ስታይል የፎንት ዓይነትና መጠን፣ ውፍረት፣ የመስመርና የአንቀጽ ርቀት በአንድ ስም ታስሮ የሚቀመጥበት ነው። ቴምፕሌት ደግሞ ስታይሎቹን ከገጽ ልኬት፣ ከሄደርና ፉተር (በገጹ ራስጌና ግርጌ ከሚደገም ጽሑፍ)፣ ከማይለወጡ ቃላት ጋር የያዘና በተከፈተ ቁጥር ቅጂውን እንጂ ራሱን የማይሰጥ ፋይል ነው። ሁለቱ በብዛት የሚታወቁት በማይክሮሶፍት ወርድ ነው። የወርድ አነሳስ ከዜሮክስ ፓርክ ቤተ ሙከራ ይመዘዛል፤ እዚያ ብራቮ የተባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም ከበትለር ላምፕሰን ጋር የሠራው ቻርልስ ሲሞኒ እ.ኤ.አ. በ1981 ማይክሮሶፍት ገባ፣ ወርድም በ1983 ለገበያ ቀረበ።

በብዙ መሥሪያ ቤት ግን ቴምፕሌት ሆኖ የሚያገለግለው ያለፈው ሳምንት ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ይከፍተዋል፣ ስሙን፣ ቁጥሩንና ቀኑን ይለውጣል፣ ያትማል። ሴቭ አዝ ማለትን ረስቶ ሴቭ ካለ የቀድሞው ደብዳቤ ከኮምፒዩተሩ ጠፋ። የባሰው ግን ከታች የሚቀረው ነው፦ «ግልባጭ» ከሚለው ሥር የተዘረዘሩት ክፍሎች የፊተኛው ጉዳይ ናቸው፤ የአንዱ ሠራተኛ ቅጣት ከነገሩ የሌለበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ትክክለኛ ቴምፕሌት፣ ማለትም ቅጥያው ዶትኤክስ (.dotx) የሆነ ፋይል፣ ሁለቴ ሲጫኑት «ዶክመንት 1» የሚል አዲስ ወረቀት ይከፍታል፤ ሴቭ ሲሉትም ስም ይጠይቃል። ፋይሉን በወርድ ውስጥ ከኦፕን ከከፈቱት ግን የሚከፈተው ቴምፕሌቱ ራሱ ስለሆነ ያ መንገድ ለማስተካከያ ብቻ ነው።

የደብዳቤ ቴምፕሌት ሲሠራ መጀመሪያ ገጹ ኤ4፣ ማርጂኑም (በጠርዙ የሚተወው ባዶ ቦታ) ለምሳሌ በየጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይደረጋል። አርማውና አድራሻው ሄደር ውስጥ ይገባሉ፤ በሁለተኛው ገጽ እንዳይደገሙ «ዲፈረንት ፈርስት ፔጅ» ይመረጣል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ስታይል ይከፈታል፦ «ተቀባይ»፣ «ጉዳይ»፣ «ሐተታ»፣ «ግልባጭ»። «ጉዳይ» መሐል ላይ የሚውል፣ ከሥሩ የተሰመረበት፣ ከላይና ከታች 12 ነጥብ (ፖይንት) ክፍተት ያለው ይሁን። የስታይሉ ቅንብር በሚለወጥበት ሞዲፋይ መስኮት «ስታይል ፎር ፎሎዊንግ ፓራግራፍ» በሚለው ቦታ «ሐተታ» ከተመረጠ፣ ጸሐፊው የጉዳዩን መስመር ጨርሶ ኢንተር ሲመታ መስመሩ ራሱ ወደ ግራ ይመለሳል፣ ስምረቱም ይቀራል። ብዙ ሰው ለዓመታት በእጁ የሚመልሰው ነገር ነው። በመጨረሻ በሴቭ አዝ የፋይሉ ዓይነት «ወርድ ቴምፕሌት» ሲደረግ ወርድ ዶክመንትስ ውስጥ ወዳለው «ከስተም ኦፊስ ቴምፕሌትስ» ፎልደር ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ በኒው ሥር «ፐርሰናል» ውስጥ ይገኛል።

ቀኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢንሰርት ውስጥ ያለው ቀን «አፕዴት ኦቶማቲካሊ» ከተደረገበት በሚያዝያ የተጻፈ ደብዳቤ በሐምሌ ሲከፈት የሐምሌን ቀን ያሳያል፤ ለክርክር የሚቀርብ ወረቀት ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ ቀኑ የፈረንጅ ነው። ስለዚህ የዓ.ም. ቀን በእጅ የሚሞላበት ክፍት ቦታ መተው ይሻላል።

ለአማርኛ ጽሑፍ ዋናው ችግር ፎንት ነው። ወርድ ከ2007 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ኖርማል በተባለው መነሻ ስታይል የሰጠው ካሊብሪን ሲሆን፣ ካሊብሪ የግዕዝ ፊደል የለውም። ፊደሉ የሚታየው ወርድ ከኮምፒዩተሩ ሌላ ፎንት ስለሚተካለት ነው፤ የሚተካው ኒያላ ይሁን ኢብሪማ በማሽኑ ይወሰናል። የመስመሩ ቁመትና የቃላቱ ስፋት ስለሚለያይ እዚህ በአንድ ገጽ ያለቀ ደብዳቤ እዚያ ፊርማውን ብቻ ይዞ ወደ ሁለተኛ ገጽ ያልፋል። መፍትሔው ኖርማል ላይ የግዕዝ ፎንቱን በስሙ መወሰን፣ ፋይሉ ወደ ሌላ የሚሄድ ከሆነም በኦፕሽንስ፣ ሴቭ በሚለው ሥር ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲገባ ማድረግ ነው። ሌሎች ስታይሎች አብዛኞቹ በኖርማል ላይ ስለቆሙ ራሳቸው ያልወሰኑትን ሁሉ ከእሱ ይወርሳሉ። ኒያላ ደግሞ ለብቻው የተሳለ ደማቅ ወይም ዘንባላ ፊደል የለውም፤ ፕሮግራሙ አወፍሮና አዘንብሎ ያስመስላል። ርዕስን በመጠንና በክፍተት መለየት የበለጠ ያምራል።

ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው፤ የዩኒኮድ ያልሆኑ የድሮ ፎንቶች ሌላ ወጥመድ ናቸው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ፊደሎቹ በላቲን ኮድ ላይ ስለተቀመጡ፣ እንዲህ ባለ ሰነድ ላይ የኒያላ ስታይል ሲጫን ጽሑፉ በሙሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል። ፋይሉ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል። ስታይል የሚጫነው ጽሑፉ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ከዞረ በኋላ ነው።

በሪፖርትና በመመረቂያ ጽሑፍ የስታይል ጥቅም ማውጫ ላይ ጎልቶ ይታያል። ርዕሱን ሰሌክት አድርጎ ቦልድ ማድረግ ለዓይን ርዕስ ያስመስለዋል እንጂ ወርድ አያውቀውም። ኮንትሮል፣ አልትና 1 ሲጫኑ ሄዲንግ 1 ይሆናል፣ በ2 እና በ3 ንዑስ ርዕሶቹ። ማውጫው እነዚህን ሰብስቦ ራሱ ይሠራል፤ ገጽ ሲቀየር ግን ኤፍ9 ካልተጫነ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቆያል፣ ለኅትመት የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። በስታይሉ ሞዲፋይ መስኮት ውስጥ «ኦቶማቲካሊ አፕዴት» የሚለው ምልክት መነሣት አለበት፤ ምልክቱ ካለ አንድ አንቀጽ መሐል ሲደረግ የዚያ ስታይል አንቀጾች ሁሉ አብረው መሐል ይሄዳሉ። በእጅ የተጨመረን ቅንብር ከፊደሎቹ ላይ ለማንሣት ኮንትሮልና ስፔስ፣ ከአንቀጹ ላይ ለማንሣት ኮንትሮልና ኪው ይበቃሉ።

በነጻ የሚገኘው የጽሑፍ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ራይተር ኤፍ11 ሲጫን ስታይሎቹን ይዘረዝራል፤ የገጽ ስታይልም ስላለው ለመጽሐፍ ሥራ ከወርድ ይመቻል።

ኢሜይል ላይ ስታይል አቅሙ ይደክማል፤ የመልእክቱን መልክ የሚወስነው በመጨረሻ የተቀባዩ ፕሮግራም ነው። የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም የሆነው ነባሩ አውትሉክ ከ2007 ወዲህ መጻፊያውም ማሳያውም ወርድ ስለሆነ ስታይል ይቀበላል፤ ያው መልእክት ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ፎንቱ በሌላ ይተካል። ስለዚህ የሚያዋጣው ቃላቱን ማዘጋጀት ነው። በአውትሉክ መልእክቱ ተጽፎ በሴቭ አዝ «አውትሉክ ቴምፕሌት» ይደረጋል። በጂሜይል በኮምፒዩተር ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ገብቶ ቴምፕሌትስ «ኢኔብል» ይደረግና ለውጡ ሴቭ ይባላል፤ ከዚያ በመጻፊያው ሦስት ነጥቦች ሥር ይገኛል። ከማስቀመጥ በፊት ፊርማው ይጥፋ፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ሰው የሚሞላው ቦታ በቢጫ ይቀለም፣ የተቀባዩ አድራሻም ባዶ ይተው፤ አድራሻው ሳይሞላ «ላክ» ቢባል ፕሮግራሙ ራሱ ያቆመዋል።