የመኪና አደጋ ጉዳቶችና የካሳ ጥያቄ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ በመኪና የተጎዳ ሰው ካሳ የሚጠይቀው በዋናነት በሁለት ሕጎች ነው፦ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድንን (መኪና በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ ኢንሹራንስን) በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005። ሥራ ላይ እያለ የተገጨ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪውንም ሊጠይቅ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በዚህ ጉዳይ ለተጎጂ ያደላ ነው። ጥያቄው ውድቅ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ስለጎደለው ሳይሆን ማስረጃ ስለጎደለው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪም ያልጻፈው ጉዳት ከዓመት በኋላ ችሎት ፊት ማስረዳት ከባድ ነው።

የጉዳቶቹ ዓይነት

አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቤት መኪና እግረኛን ሲመታ በቅድሚያ የሚያገኘው ቅልጥሙን ነው። ቀጥሎ ጭኑና ዳሌው ኮፈኑ ላይ ያርፋሉ፤ በመጨረሻ ጭንቅላቱ ከፊት መስታወቱ ወይም ከአስፋልቱ ጋር ይጋጫል። ግንባራቸው ቀጥ ያለው ሚኒባስና የጭነት መኪና ሲሆኑ ግን ምቱ ዳሌና ደረት ላይ ያርፍና ሰውዬውን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ከዚያ ጎማ ሥር የመግባት አደጋ ይከተላል። የባጃጅና የሞተር ሳይክል ተሳፋሪዎችን በዙሪያቸው የሚከልል ጠንካራ አካል የለም፤ ስለዚህ የጭንቅላትና የእግር ጉዳት ይበዛባቸዋል።

የሚያታልሉት ከውጭ የማይታዩት ጉዳቶች ናቸው። የጭን አጥንት ሲሰበር ቆዳው ሳይቀደድ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ጡንቻ ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ የዳሌ ስብራት ከዚህም ይብሳል። ጣፊያ በተመታ ዕለት ደህና መስሎ ከቀናት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል፤ የግራ ጎን ሕመም ከግራ ትከሻ ሕመም ጋር አብሮ ከመጣ ቸል ማለት አይገባም። ራሱን ስቶ የነቃ ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማታ ራስ ምታቱ ሲበረታ፣ ሲያስመልሰው ወይም አልነቃ ሲል ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። አረጋውያንና ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህ ከሳምንታት በኋላም ሊከሰት ይችላል። ከኋላ የተገጨ መኪና ውስጥ የነበረ ሰው የአንገት ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በማግስቱ ነው። የመድን ድርጅት ባለሙያ «አደጋው ቦታ ላይ ደህና ነኝ ብለህ የለም?» የሚል ጥያቄ የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው። መልሱ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ የተከፈተ የሕክምና ካርድ ነው።

ስብራት የደረሰበት ሰው በቅድሚያ ወጌሻ ዘንድ መሄዱ የተለመደ ነው። ወለምታ ለማሸት የሚታመን ወጌሻ ብዙ አለ፤ የተሰበረን ቅልጥም በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው። እግሩ ሲያብጥ ማሰሪያው ደም ሥሩን ይዘጋል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ፣ በመጨረሻም እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ለካሳ ጥያቄም ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ስብራቱን የሚያሳይ የመጀመሪያ ራጅ የለም፤ ተከሳሹም «እግሩን ያስቆረጠው መኪናዬ ሳይሆን ወጌሻው ነው» ብሎ ይከራከራል።

በመጀመሪያው ሰዓት

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። ሰሌዳ ቁጥሩን መመዝገብና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ከነድርጅቱ ስም ፎቶ ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ትራፊክ ፖሊሱ ሳይደርስ መኪኖቹ ከተነሡ የአደጋው ፕላን (ፖሊሱ የሚነድፈው የአደጋው ቦታ ሥዕል) በሾፌሮቹ ቃል ላይ ብቻ ይቆማል። ፕላኑ የፍሬን ምልክቱን ርዝመት፣ የግጭቱን ነጥብና የእግረኛ ማቋረጫውን ርቀት ስለሚያሳይ ኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳል።

ማንኛውም የጤና ተቋም፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ለአደጋው ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት። ወጪውን በአዋጅ 799 ጣሪያ ልክ የሚሸፍነው መድን ሰጪው ወይም፣ መኪናው ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው፣ የመድን ፈንዱ ነው። አዋጁ ሲወጣ ይህ ጣሪያ 2,000 ብር ነበር።

ማን ይከፍላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ጥፋት አለመሥራቱን ወይም የአደጋው ምክንያት አለመታወቁን በማስረዳት አያመልጥም። ነፃ የሚያወጣው ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው በራሱ ጥፋት መሆኑን ማስረዳቱ ነው። ጥፋቱ በከፊል የተጎጂው ከሆነ ካሳው በዚያው መጠን ይቀነሳል፤ በድልድይ ፈንታ የቀለበት መንገዱን አጥር ዘሎ የተሻገረ እግረኛ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ክርክር ይገባል። ሁለት መኪኖች ከተጋጩ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምትና የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ያሸክማቸዋል። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ብቻ ነው። አዋጅ 799 ሲወጣ ጣሪያው ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ያላነሰና ከ40,000 ብር ያልበለጠ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ የኑሮ ውድነቱ የት እንደደረሰ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጠያቂው አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራውን መጠን ማረጋገጥ አለበት። ትልቁ ስህተት የመድኑን ገንዘብ ሙሉ ካሳ አድርጎ መቁጠር ነው። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ከባለቤቱና ጥፋተኛ ከሆነው ሾፌር ይጠየቃል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ሲሆን ደግሞ ለሞትና ለአካል ጉዳት ጥያቄው ለመድን ፈንዱ ይቀርባል።

ካሳው እንዴት ይሰላል?

መርሁ በአንቀጽ 2091 ነው፦ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን። የሕክምና፣ የመድኃኒት፣ የትራንስፖርትና የአስታማሚ ወጪ በደረሰኝ ይጠየቃል። መደርደሪያ ላይ የቀረ ደረሰኝ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ለሌላ ወገን የሚሰጠውም ፎቶ ኮፒው እንጂ ዋናው መሆን የለበትም።

ትልቁ ቁጥር የሚመጣው ከሚቀረው ገቢ ነው። ለዚህ የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠው የዘለቄታ የአካል ጉዳት መቶኛ ያስፈልጋል። ቦርዱ መቶኛውን የሚሰጠው ሕክምናው ሲያበቃ ስለሆነ ብረት እግሩ ውስጥ እያለ መቻኮል አያዋጣም። በተለመደው ስሌት ወርኃዊ ገቢው በ12፣ ቀጥሎ በቀሪው የሥራ ዘመን፣ ከዚያ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። በወር 8,000 ብር የሚያገኝ፣ 25 የሥራ ዓመት የቀረውና 30 በመቶ ጉዳት የተመዘገበበት ሰው ስሌቱ 720,000 ብር ይሆናል። ገቢውን በደመወዝ ደብዳቤ ወይም በግብር ደረሰኝ ማስረዳት የማይችል የቀን ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ምስክር ያቀርባል። መጠኑ በትክክል ካልታወቀ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ብሎ በገመተው መጠን፣ ይወስናል፤ በርትዕ የሚወሰነው ግን ብዙ ጊዜ ከተጠየቀው ያንሳል።

የሕሊና ጉዳት ካሳ በአንቀጽ 2116 ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በ1952 ትርጉም የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ ምሳሌያዊ ከመሆን አያልፍም፤ ስለዚህ ልፋቱን ገቢና ወጪ ማስረዳት ላይ ማዋል ይሻላል። ሟች ካለ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በየራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ፤ ወንድምና እኅት በአንቀጽ 2095 ዝርዝር ውስጥ የሉም።

ሽምግልናና ፍርድ ቤት

ተጎጂው ገና አልጋ ላይ እያለ ሽማግሌ መምጣቱ የአገር ወግ ነው፤ ማንም ሊኮንነው አይችልም። አደጋው ያለው የሚፈረመው ወረቀት ላይ ነው። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ የጸና ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ በሩ ተዘግቷል። አስቸኳይ ገንዘብ ካስፈለገ «ለሕክምና ቅድሚያ የተከፈለ፣ ከካሳው የሚታሰብ» ብሎ ማጻፍ ይቻላል። በሞት አደጋ ደግሞ የቤተሰቡ ይቅርታ የወንጀል ክሱን አያስቀርም፤ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነውና።

ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢባል የካሳ ጥያቄው አብሮ አይወድቅም፤ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ውሳኔ አይገደድም ይላል። ክሱ ባለቤቱንና ሾፌሩን በአንድ ላይ ይዞ ይቀርባል። ባለቤቱም መድን ሰጪውን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መሠረት ወደ ክርክሩ ማስገባት ይችላል። የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ያመለክታል። የይርጋው ጊዜ (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ የሚሠራው እሱ ነው። የቦርዱን ወረቀት ሲጠብቅ ሁለተኛው ዓመት የሚያልቅበት ተጎጂ ክሱን በጊዜው ከፍቶ መቶኛውን ኋላ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱን ይጠይቃል።