ባደን ባደን የሀብታም ብቻ ናት ያላችሁ ማን ነው?

ፍራንክፈርት ስለምኖር እንግዳ አይጠፋብኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባደን ባደን ልውሰዳችሁ» እላለሁ፤ በፍልውሃዋ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ኧረ ይቅርብን፣ የሀብታም ቦታ ነው፣ ደግሞ ራቁት ነው አሉ!» እስኪ አንድ በአንድ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ራቁቱን ያልሆነ አይገባም።» ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ከተማዋ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ትልልቅ መታጠቢያ ቤቶች አሏት። ፍሪድሪክስባድ በ1877 የተከፈተው የድሮው ነው። እዚያ 17 ደረጃ አለ፤ ከሻወር ተነስታችሁ በሞቃት ክፍል፣ በሳሙናና በብሩሽ መታሸት፣ በእንፋሎት፣ በሙቅና በቀዝቃዛ ገንዳ አልፋችሁ መጨረሻ ላይ ተጠቅልላችሁ ትተኛላችሁ። የዚህ ቤት ባህል በእርግጥ ራቁት መሆን ነው፣ ወንድና ሴት አብረው የሚገቡበት ቀንም ስላለ ቀኑን አጣርታችሁ ሂዱ። ካራካላ የሚባለው ግን በ1985 የተከፈተ ዘመናዊ ቤት ነው፣ ገንዳዎቹ ውስጥ የዋና ልብስ ግዴታ ነው። ብቻ ፎቅ ላይ ያለው ሳውና ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ነውሩ ልብስ መልበስ ነው! ሳታስቡት ደረጃውን እንዳትወጡ። ለነገሩ ጀርመኖች ማንም ማንንም አያይም፤ አፍጥጦ ማየት ነው የሚያሳፍረው።

«ገንዘብ ይጨርሳል።» ሆቴሉ አዎ፣ ውድ ነው። ግን ማደር ማን አስገደዳችሁ? ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ማታ ቤታችሁ ናችሁ። ሊሽተንታለር አሌ የሚባለው በኦስ ወንዝ ዳር ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የዛፍ መንገድ በነጻ ነው። ትሪንክሃለ የሚባለው 16 ምሰሶ ያለው የድሮው የውሃ መጠጫ አዳራሽም በረንዳው ላይ መንሸራሸር አያስከፍልም፣ ግድግዳው ላይ የአካባቢው አፈ ታሪክ ተስሏል። የምትከፍሉት ለገንዳው ሰዓት ነው።

«ከባቡር ስወርድ ከተማው መሃል ነኝ።» አይደላችሁም። ጣቢያው ኦስ የሚባል ሰፈር ነው ያለው፣ መሃል ለመድረስ አውቶቡስ ያዙ።

«ካዚኖው ለቁማርተኛ ነው።» ጠዋት ጠዋት አስጎብኚ ይዞ የሚያዞርበት ሰዓት አለ። ወርቅ ቅብ ጣሪያና ቀይ ግድግዳ አይታችሁ፣ ምንም ሳትቆምሩ ትወጣላችሁ። በ1867 ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ቁማር ተጫውቶ ገንዘቡን ያጣው እዚህ ከተማ ነው፣ እናንተ አትድገሙት።

ስሙስ ለምን ሁለቴ ተጻፈ? ስህተት አይደለም። ባደን «መታጠቢያዎች» ማለት ነው፣ ባደን የሚባል ግዛትም ስለነበረ ከሌሎች ለመለየት «በባደን ያለችው ባደን» ይሏት ነበር። በ1931 ድርብ ስሙ በይፋ ጸደቀ።

«ለልጆች ጥሩ ነው።» ይሄን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ካራካላ ከ7 ዓመት በታች አያስገባም፣ ፍሪድሪክስባድማ ጭራሽ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ አንዳችሁ ገንዳ ስትገቡ ሌላው ይዟቸው ወደ መርኩር ተራራ ይውጣ። 668 ሜትር ነው፣ ከ1913 ጀምሮ ቀጥ ያለውን ዳገት የሚወጣ ባቡር አለው።

የመጨረሻው ደግሞ የእማዬ ነው፦ «ጠበል ነው፣ ሁሉን ይፈውሳል።» ባለፈው ስትመጣ ባዶ ጀሪካን ይዛ ነበር፣ እውነቴን ነው። ውሃው ከ12 ምንጮች ይወጣል፣ እስከ 68 ዲግሪ ይሞቃል፣ ጨው አለበት፣ ወደ ገንዳ የሚገባው ቀዝቅዞ ነው። ሮማውያንም ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ታጥበውበታል፣ የመታጠቢያቸው ፍርስራሽ ፍሪድሪክስባድ ሥር አለ። ለደከመ ጡንቻና ለመገጣጠሚያ ደስ ይላል፣ ግን ስኳርም ደም ብዛትም አያጠፋም፤ እንዲያውም ልብ ወይም ግፊት ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። መንገድ ላይ የሚፈሰውንም ለመጠጥ አትቅዱ። ይሄን ሁሉ ለእማዬ በመኪና ውስጥ አስረዳኋት። «አዲስ አበባስ ፍልውሃ ላይ አይደል እንዴ የተቆረቆረችው?» አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ካራካላ ገንዳ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ፣ ጉልበቷን እያሸች፣ «እንሂድ» ብላት ብላት እምቢ አለች። ጀሪካኑን ባዶውን መለስነው።